የወንጀል ሕግ መሠረታዊ ፅንሰ ሐሳቦች እና የስሜን የእርቅ ልማድ

ወንጀል ማለት በኢትዮጵያ ሕግ መሠረት ሕግ የከለከለውንና ቅጣት ያስቀመጠበትን ድርጊት መፈጸም፣ ወይም ሕግ ያዘዘውን አለመፈጸም ነው። የፍትሐ ብሔር ክርክር የሁለት ወገኖች ጉዳይ ሲሆን ወንጀል ግን በሕዝብ ላይ እንደተፈጸመ በደል ይቆጠራል። ስለዚህ ከሳሹ በመንግሥት ስም የሚቀርበው ዐቃቤ ሕግ እንጂ የተበደለው ሰው አይደለም። በአሜሪካም እንዲሁ ነው፤ በኒውዮርክና በካሊፎርኒያ የወንጀል መዝገብ የሚከፈተው «ሕዝብ» ከሳሽ ተብሎ ነው። በስሜን ተራሮች ግርጌ፣ በደባርቅ፣ በዳባትና በዙሪያቸው ባለው ልማድ ግን ሰው ሲገደል ነገሩ በቅድሚያ የሟች ወገን ነው፤ ስሙም «ደም» ነው። ሁለቱ አስተሳሰቦች እስከ ዛሬ ጎን ለጎን ይኖራሉ።

የሕጉ ምንጭ

በሥራ ላይ ያለው የወንጀል ሕግ በአዋጅ ቁጥር 414/1996 የወጣ ሲሆን ከግንቦት 1 ቀን 1997 ዓ.ም. ጀምሮ ይሠራበታል። የተካው በስዊሱ የሕግ ምሁር በዣን ግራቨን አርቃቂነት የተዘጋጀውን የ1949 ዓ.ም. የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ነው። ከዚያ በፊት የ1923 ዓ.ም. ሕግ፣ ከእርሱም በፊት ፍትሐ ነገሥት ያገለግሉ ነበር። በአሜሪካ እያንዳንዱ ግዛት የራሱ የወንጀል ሕግ አለው፤ በኢትዮጵያ ግን ደባርቅ የተቀመጠ ዳኛና አዲስ አበባ የተቀመጠ ዳኛ የሚጠቅሱት አንቀጽ አንድ ነው። ክልሎች የወንጀል ሕግ ማውጣት የሚችሉት የፌዴራሉ ሕግ ባልሸፈነው ጉዳይ ብቻ ነው።

ሦስቱ ፍሬ ነገሮች

በአንቀጽ 23 መሠረት አንድ ድርጊት ወንጀል የሚሆነው ሕጋዊ፣ ግዙፋዊና ሞራላዊ ፍሬ ነገሮች በአንድነት ሲገኙ ነው። ሕጋዊው ድርጊቱን የሚከለክል ድንጋጌ አስቀድሞ መኖሩን ይጠይቃል፤ ዳኛ በማመሳሰል አዲስ ወንጀል መፍጠር አይችልም። ግዙፋዊው በውጭ የሚታየው ድርጊት ነው። ሞራላዊው ደግሞ የአድራጊው ሐሳብ ወይም ቸልተኝነት ሲሆን፣ ብዙ ክርክር የሚነሳው በዚሁ ላይ ነው።

ለምሳሌ ከደባርቅ በሚወርደው የሊማሊሞ ጠመዝማዛ መንገድ የጭነት መኪና ተገልብጦ ሰው ሞተ እንበል። አሽከርካሪው ማድረግ የሚገባውን ሁሉ አድርጎ ሳለ ድንጋይ ተንዶ ከሆነ ድንገተኛ አደጋ ነው፤ በወንጀል አያስጠይቅም። ፍሬኑን ሳይፈትሽ ተነስቶ ከሆነ ቸልተኝነት ነው (አንቀጽ 59)፤ በአንቀጽ 543 ይከሰሳል። ፍሬኑ እንደማይዝ፣ ሰውም ሊሞት እንደሚችል እያወቀ «የመጣው ይምጣ» ብሎ ከነዳ ግን ሕጉ እንደ ሐሳብ ይቆጥረዋል (አንቀጽ 58)፤ ክሱም ሆን ብሎ ሰው መግደል ሊሆን ይችላል። በ1962 እ.ኤ.አ. የወጣው የአሜሪካ ሞዴል የወንጀል ሕግ በሐሳብና በቸልተኝነት መካከል «ሬክለስነስ» የሚባል ራሱን የቻለ ደረጃ አለው። የኢትዮጵያ ሕግ ያንን ደረጃ ለሁለቱ አከፋፍሎታል።

ሰው መግደል

ሆን ተብሎ የተፈጸመ ተራ የሰው ግድያ ከ5 እስከ 20 ዓመት ፅኑ እስራት ያስቀጣል (አንቀጽ 540)። ገዳዩ በአስቀድሞ ማሰቡ፣ በምክንያቱ ወይም በአገዳደሉ በተለየ ሁኔታ ጨካኝ ወይም አደገኛ መሆኑ ከታየ አንቀጽ 539 ዕድሜ ልክ እስራት ወይም ሞት ያዛል። በሌላ በኩል ከባድ በሆነ ማነሳሳት ወይም ድንገት በገነፈለ ስሜት የገደለ ሰው እስከ 5 ዓመት በሚደርስ ቀላል እስራት ሊቀጣ ይችላል (አንቀጽ 541)። እንግዲህ በጠብ መካከል የገደለና ወራት ጠብቆ ደም የመለሰ ሰው በልማዱ ዓይን ብዙ ባይለያዩም በሕጉ ፊት በጣም የተራራቁ ናቸው።

ከዚህ የሚብስ ልዩነትም አለ። በወንጀል የሚጠየቀው ጥፋት የፈጸመው ሰው ብቻ ነው፤ ደመኛ ግን ገዳዩን ቢያጣ ወንድሙን ወይም የአጎቱን ልጅ ሊፈልግ ይችላል። የገዳይ ዘመዶች ቀዬ ለቀው የሚሄዱት ስለዚህ ነው።

እርቅና ክስ

ደም እንዲደርቅ ሽማግሌዎችና ካህናት በሁለቱ ወገኖች መካከል ይመላለሳሉ፤ የገዳይ ወገን ጥፋቱን አምኖ ይቅርታ ይጠይቃል፣ ካሳ ይቆረጣል፣ ስምምነቱም በመሐላ ይጸናል። ሕጉ ይህን አይከለክልም፤ ክሱ ግን በእርቅ አይቋረጥም። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 34 ለባህላዊ ዳኝነት በር የከፈተው በግልና በቤተሰብ ጉዳይ፣ ያውም በተከራካሪዎቹ ፈቃድ ነው። እርቅ ክስን የሚያስቀረው «በግል አቤቱታ» ብቻ በሚያስቀጡ ወንጀሎች ነው። ቀላል የአካል ጉዳትና ማመንዘር ከእነዚህ ይቆጠራሉ፤ ሰው መግደል ግን አይገባበትም።

አንድ ቃል እዚህ ላይ መለየት አለበት። በሽምግልና ፊት የቀረበው ሰው «ገዳይ» ነው፤ ማመኑም የእርቁ መነሻ ነው። በፍርድ ቤት ያው ሰው ክስ እስኪመሠረትበት «ተጠርጣሪ»፣ ከዚያ «ተከሳሽ» ይባላል፤ እስኪፈረድበትም በአንቀጽ 20 መሠረት እንደ ንጹሕ ይቆጠራል፣ በራሱ ላይ እንዲመሰክርም አይገደድም።

ፍርዱም ቢሆን ደሙን አያደርቅም። ቅጣቱን ጨርሶ ከማረሚያ ቤት የወጣ ሰው እርቅ ካልወረደ አሁንም ደመኛ አለው። በአንጻሩ እርቁ ከክሱ ከቀደመ፣ የታረቁት ወገኖች ለመመስከር ስለማይፈልጉ ዐቃቤ ሕግ ማስረጃ ማቅረብ ይቸግረዋል። የወንጀል ሕጉ በመካከል አንድ ጠባብ መንገድ ትቷል፦ ተከሳሹ ከልቡ ተጸጽቶ የሚችለውን ያህል ከካሰ፣ ወይም ራሱ እጁን ከሰጠ፣ ዳኛው በአንቀጽ 82 መሠረት ቅጣቱን ሊያቀልለት ይችላል።