የሚቀብር ሰው ሲጠፋ

ከደብረ ብርሃን ተነሥቶ፥ ጣርማ በርን አልፎ ወደ ሸዋ ሮቢት የሚወርድ ሰው በጥቂት ሰዓት ውስጥ ከብርድ ወደ ሐሩር ይገባል። የይፋት ቆላ ምድሩ ለም ነው፤ ነገር ግን ደገኛ ሁሉ ከጥንት ጀምሮ የሚፈራው አንድ ጠላት አለበት፤ እርሱም ወባ ነው። በቀደመው ዘመን ደገኛው ቆላ ወርዶ ቢያርስ እንኳ፥ ሳይመሽ ወደ ደጋው ተመልሶ ማደርን ይመርጥ ነበር። ትንኟ የምትነድፈው በሌሊት መሆኑን ማንም ሳያስተምረው፥ ከመከራ የተማረው ጥበብ ነው።

ይሁን እንጂ ሽሽት የማያድንበት ቀን ይመጣል። በዚያን ቀን የሃይማኖት ሰው ምን ያደርጋል? እኔ የዚህን መልስ የፈለግሁት ከይፋት በላይ ባለው ደጋ፥ በደብረ ብርሃን ታሪክ ውስጥ ነው።

በ15ኛው ክፍለ ዘመን ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ደብረ ብርሃን ተቀምጦ ሳለ ብርቱ ቸነፈር ገባ። ዜና መዋዕሉ የሞቱትን በቁጥር አይነግረንም፤ የሚቀብር ሰው እስኪታጣ ድረስ ሕዝቡ ማለቁን ይነግረናል። ንጉሡም በቅዱስ ቂርቆስ ስም ቤተ ክርስቲያን አሠራ፤ የቂርቆስ ስም በሚጠራበት ስፍራ ቸነፈር እንዳይገባ ቃል ኪዳን ተሰጥቶታል ተብሎ ይታመን ነበርና። የዛሬ ሰው ይህን ሰምቶ ፈገግ ይል ይሆናል። እኔ ግን በዚህ ውስጥ ትልቅ ነገር አያለሁ፤ ሰው ሁሉ ከሰው በሚሸሽበት ጊዜ፥ ሕዝብ የሚሰበሰብበት ቤት ተሠራ።

ከዚያ ወዲህ 450 ዓመት ያህል አልፎ፥ በ1911 ዓ.ም. በኅዳር ወር፥ በንግሥት ዘውዲቱ ዘመን፥ ዓለምን ያዳረሰው የጉንፋን ወረርሽኝ አዲስ አበባ ገባ። በከተማይቱ ብቻ 10,000 ያህል ሰው እንደሞተ ይገመታል። አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ መኰንን ራሳቸው በጽኑ ታመው ለጥቂት ተረፉ። በሽታው ባለጠጋን ከድኻ፥ ካህንን ከምእመን አልለየም። እንደገና መቃብር ቆፋሪ ጠፋ። እንዲህ ባለ ጊዜ ፍትሐት ለማድረስ ከሬሳው አጠገብ የሚቆም ካህን፥ ለታመመ ጎረቤቱ ውሃ የሚያቀብል ምእመን፥ ስብከት ሳያሰማ ይሰብካል።

ከኅዳር በሽታ አንድ ልማድ ተርፎልናል። ኅዳር 12 ቀን፥ በቅዱስ ሚካኤል በዓል፥ ሰው ደጁን ጠርጎ ጉድፉን ያቃጥላል፤ «ኅዳር ሲታጠን» የሚባለው ይህ ነው። እነሆ፥ ጸሎትና መጥረጊያ በአንድ ቀን ተገናኙ።

ታዲያ «መድኃኒት የፈለገ ሰው እምነቱ ጎደለ» የሚሉ ይህን ከየት አገኙት? ፍትሐ ነገሥት እንኳ ለታመመ ሰው ጾምን ያቀልለታል። በ1999 ዓ.ም. ፓትርያርኩ አቡነ ጳውሎስ፥ የኤች አይ ቪ ሕሙማን ጠበሉንና መድኃኒቱን አብረው እንዲወስዱ፥ ሁለቱም እንደማይጣሉ በይፋ ተናግረዋል። በ2012 ዓ.ም. የኮሮና ወረርሽኝ በመጣ ጊዜም ብዙ ምእመናን የትንሣኤን በዓል በየቤታቸው ሆነው አክብረዋል። ለቤተ ክርስቲያን ሰው ይህ ቀላል መሥዋዕት አልነበረም። ግን ሌላውን ላለመጉዳት ከቤት መቅረትም ከፍቅር የሚወለድ ነው።

የይፋትን ሰው ጠላት፥ ወባን፥ ደግሞ እንመልከት። በ1950 ዓ.ም. ክረምት ተነሥቶ እስከ 1951 ዓ.ም. የዘለቀው የወባ ወረርሽኝ በኢትዮጵያ 3 ሚሊዮን ያህል ሰው አሳምሞ 150,000 ያህሉን እንደገደለ ተገምቷል። ንዳዱ ደጋ ነው ብለው ተማምነው የተቀመጡትን ብዙዎችን ጭምር አገኛቸው። በተከታዩ ዓመት የወባ ማጥፊያ ድርጅት ተቋቋመ። ከዚያ ወዲህ ቤቱን ለመድኃኒት ርጭት የከፈተ፥ ልጁን በአጎበር ውስጥ ያስተኛ፥ የታቆረውን ውሃ ያፋሰሰ ሰው፥ እግዚአብሔር የሰጠውን አእምሮ ስለ ተጠቀመበት እምነቱን አልካደም።

ወጣት አንባቢ ሆይ፥ ቸነፈር ሁለት ጊዜ ይገድላል፤ አንድ ጊዜ በበሽታው፥ ሁለተኛ ሰውን ከሰው በመለየት። ለፊተኛው ሐኪም አለ። ለኋለኛው ግን ሐኪሙ አንተ ነህ። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፥ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው ይባላል። በይፋት ክርስቲያኑና እስላሙ ጎረቤታሞች ናቸው፤ ትንኟም ሃይማኖት ለይታ አትነድፍም። ስለዚህ ጎረቤትህ ሲታመም ሃይማኖቱን ሳትጠይቅ ወደ ሐኪም አድርሰው፤ ሲሞትም ከቀብሩ አትቅር። የመጪው ዘመን ታሪክ ጸሐፊ ስለ እኛ ዘመን ሲጽፍ፥ በሽታው ጽኑ ነበረ፤ የሚቀብር ሰው ግን አልታጣም ብሎ ይጻፍ።