እስትንፋስ አየር ሲሆን (ግለ ታሪክ)

አሜሪካዊው የአንጎልና የነርቭ ቀዶ ሐኪም ፖል ካላኒቲ ሞቱን እየጠበቀ የጻፈው መጽሐፍ ነው። በ2013 እ.ኤ.አ.፣ በ36 ዓመቱ፣ የተሰራጨ የሳንባ ካንሰር ተገኘበት፤ በ2015 መጽሐፉን ሳይጨርስ አረፈ። በ2016 ሲታተም የመዝጊያውን ጽሑፍ ባለቤቱ ሉሲ ጻፈችለት። የመቅድሙ ጸሐፊ አብርሃም ቨርጊስ ደግሞ የአዲስ አበባ ተወላጅ ነው።

መጽሐፉ «አነቃቂ» ይባላል፤ ስሙ ግን ብዙም አይስማማውም፤ ምክር የለበትምና። አንባቢን የሚይዘው የቦታ ለውጡ ነው፤ ለሕሙማን መርዶ ሲነግር የኖረ ሐኪም የገዛ ራሱን የሳንባ ምስል ያነባል። ፍጻሜው አስቀድሞ ስለሚታወቅ ተራው ነገር ሁሉ ይከብዳል፤ በተለይ በ2014 ከተወለደችው ልጁ ጋር ያሳለፋቸው ጥቂት ወራት። ሐኪም አንባቢ ሌላ ነገር ያገኝበታል፦ «ስንት ጊዜ ቀረኝ?» ለሚል ሕመምተኛ የመዳን አኃዝ መልስ እንደማይሆን፣ አኃዙን ጠንቅቆ የሚያውቅ ሰው ራሱ ጠያቂ ሆኖ ያሳየዋል። ኀዘኑ ገና ትኩስ ለሆነ ሰው ግን ከማጽናናት ይልቅ ቁስል ሊነካ ይችላል።