ስልኩ ከመኪናው ቀድሞ ነው የመጣው

ለብዙዎቻችን መኪና የድሮ ነገር፣ ስልክ ደግሞ የአሁን ዘመን ነገር ይመስለናል። በኢትዮጵያ ታሪክ ግን ቅደም ተከተሉ የተገላቢጦሽ ነው። አዲስ አበባን ከሐረር ያገናኘው 477 ኪሎ ሜትር የስልክና የቴሌግራፍ መስመር ሥራው የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1894፣ በአፄ ምኒልክ ዘመን ነው። የመጀመሪያው አውቶሞቢል አዲስ አበባ የገባው ደግሞ በ1900 ዓ.ም. ነው፤ ቢድ ቤንትሌይ የሚባል እንግሊዛዊ ከጅቡቲ ተነስቶ በረሃውንና ዳገቱን አቋርጦ አመጣው። እንግዲህ ስልክ ኖሮን መኪና ያልነበረን ዘመን ነበር ማለት ነው።

ከዚያ በኋላ ሁለቱ ለዘጠና ዓመት ያህል አልተገናኙም። ስልኩ በሽቦ ታስሮ ቤትና ቢሮ ተቀመጠ፣ መኪናው መንገዱን ያዘ። ሾፌር ስልክ መደወል ካማረው መኪናውን አቁሞ መውረድ ነበረበት። ሁለቱ አንድ እጅ ላይ የተገናኙት በ1991 ዓ.ም. ሞባይል አዲስ አበባ ሲገባ ነው። ይቺ ጽሑፍ ስለዚያ መገናኘት ናት፤ ሕጉ እንዴት እንደተከተለውና እኛ የፎገራ ሰዎች ውጤቱን ምን ብለን እንደምንጠራው።

ሳይንሱ ቀድሞ ያውቅ ነበር

ተንቀሳቃሽ ስልክ ሲወለድ የመኪና ዕቃ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1946 በአሜሪካዋ ሴንት ልዊስ ከተማ የተጀመረው አገልግሎት ወደ 36 ኪሎ የሚመዝን መሣሪያ መኪና ላይ ተጭኖ የሚሠራ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1973 የሞቶሮላው ማርቲን ኩፐር በእጁ ይዞት ኒውዮርክ መንገድ ላይ ሲደውል ነው ስልክ የመኪናው መሆኑ ቀርቶ የሰውየው የሆነው። ሰውየው ግን መልሶ መኪና ውስጥ ይዞት ገባ።

አደጋው ብዙም አልቆየም። በ1989 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1997) ሬደልማየርና ቲብሺራኒ የተባሉ ተመራማሪዎች ቶሮንቶ ላይ የሠሩት ጥናት በኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦፍ ሜዲስን ታተመ። ግጭት የደረሰባቸውን 699 ባለሞባይል ሾፌሮች ወስደው፣ የስልክ ሂሳብ ዝርዝራቸውን ከግጭቱ ሰዓት ጋር አስተያዩት። ስልክ እያወሩ መንዳት የመጋጨት ዕድልን አራት እጥፍ ገደማ እንደሚጨምር አገኙ። እጅን ነጻ የሚያደርጉ ስልኮችም የተሻሉ ሆነው አልተገኙም። ችግሩ እጅ ላይ ብቻ አይደለም ማለት ነው፤ ጭንቅላት ውስጥም ነው።

እዚህ ላይ የሙያዬን ነገር ላንሳ። እኔ ሶፍትዌር ነው የምጽፈው። አንድ ማቀነባበሪያ ብቻ ያለው ኮምፒውተር አሥር ፕሮግራም አብሮ የሚያሠራ ቢመስልም፣ በእውነት የሚያደርገው ከአንዱ ወደ አንዱ በፍጥነት መዝለል ነው። በዘለለ ቁጥር ጊዜ ይባክናል። የሰው ትኩረትም ከዚህ ብዙ አይለይም፤ ዝላዩ ግን ከኮምፒውተሩ እጅግ ይዘገያል። ሒሳቡ ቀላል ነው፦ በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በአንድ ሰከንድ 22 ሜትር ይጓዛል። መልእክት ለማንበብ አምስት ሰከንድ ዓይናችሁን ካነሳችሁ 110 ሜትር ሄዳችኋል። አንድ የእግር ኳስ ሜዳ ከዳር እስከ ዳር፣ ዓይን ጨፍኖ።

ቀኖቹን ደርድሯቸው። ጥናቱ የታተመው በ1989 ነው። ሞባይል እኛ ዘንድ የገባው በ1991 ነው። አገር አቀፉ የመንገድ ትራንስፖርት ትራፊክ መቆጣጠሪያ ደንብ ቁጥር 208 የወጣው በ2003 ነው። ስልኩ ሲገባልን አደጋው ታውቆ ነበር፤ ከዕቃው ጋር ማስጠንቀቂያው አብሮ አልመጣም እንጂ።

«ትንሿ ቅጣት» እና ትልቁ አንቀጽ

ከዚያ በፊት በመንገዱ ላይ ለረጅም ጊዜ የቆየው በ1950ዎቹ የወጣው የትራንስፖርት ደንብ ቁጥር 279 ነበር። በዚያ ዘመን ሾፌር በኪሱ ስልክ ይዞ ይነዳል ብሎ ማን ያስባል? ደንብ 208 ግን እያሽከረከሩ በሞባይል መጠቀምን ጥፋት አድርጎ አስቀመጠ። ከገንዘብ ቅጣቱ ሌላ በሾፌሩ ላይ የሚመዘገብ የጥፋት ነጥብም አመጣ፤ በ2009 ዓ.ም. ደግሞ ተሻሻለ።

ሾፌሮች ስለዚህ ሕግ ሲያወሩ የምትሰሙት ስለ ገንዘቡ ብቻ ነው። «ከፍለን እንሄዳለና!» ይላሉ። ትራፊክ ፖሊስ ሲታይ ስልኩ ጭን ላይ ይወርዳል፣ ሲታለፍ ጆሮ ላይ ይመለሳል። ዋናው ጉዳይ ግን ያለው ሌላ መጽሐፍ ውስጥ ነው፦ በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ፣ አንቀጽ 543።

ይህ አንቀጽ በቸልተኝነት ሰው መግደልን ሦስት ደረጃ አድርጎ ይከፍለዋል። የመጀመሪያው ተራ ቸልተኝነት ነው፤ ከስድስት ወር እስከ ሦስት ዓመት ቀላል እስራት ወይም የገንዘብ መቀጮ ያስቀጣል። ሁለተኛው የሰውን ሕይወት የመጠበቅ የሙያ ወይም ሌላ ግዴታ ያለበትን ሰው ይመለከታል፤ ከአንድ እስከ አምስት ዓመት እስራትና መቀጮ። ሦስተኛው ይከብዳል። ሁለት ወይም ከዚያ በላይ ሰው የሞተ እንደሆነ፣ ወይም አጥፊው ግልጽ የሆነ ደንብን ሆን ብሎ ጥሶ ከሆነ፣ ወይም ጠጥቶ ወይም አደንዛዥ ዕፅ ወስዶ ከሆነ፣ ቅጣቱ ከአምስት እስከ አሥራ አምስት ዓመት ጽኑ እስራትና ከ10,000 እስከ 15,000 ብር ነው።

አሁን ሁለቱን ሕጎች አጠገብ ለአጠገብ አድርጋችሁ አንብቧቸው። ስልክ እየነዱ አትጠቀሙ የሚል ግልጽ ደንብ አለ። ግልጽ ደንብን ሆን ብሎ መጣስ ደግሞ ወደ ሦስተኛው ደረጃ የሚወስድ በር ነው። ስልኩ በስህተት ጆሮ ላይ አይወጣም፤ አንድ ሰው ወስኖ ነው የሚያነሳው። ስለዚህ ያቺ «ከፍለን እንሄዳለን» የምትባለው ደንብ፣ ሰው በሞተበት ቀን ዐቃቤ ሕግ ከሰካራሙ ሾፌር ጋር አንድ ረድፍ ላይ ለማስቀመጥ ሊጠቅሳት ትችላለች። ይህን የሚያውቅ ሾፌር ስንት ነው?

ሜዳው

ወረታ የመንገድ ከተማ ናት። ከባሕር ዳር ጎንደር የሚሄደው አስፋልት መሐሏን ይሰነጥቃታል። በምሥራቅ በኩል ደግሞ በደብረ ታቦር አድርጎ ወልድያ የሚደርሰው መንገድ ይገጥማታል፤ ቻይናዎች የሠሩት ስለሆነ ሰው እስካሁን «የቻይና መንገድ» ይለዋል። የጭነት መኪናው፣ ሚኒባሱ፣ ባጃጁ፣ ጋሪውና የፎገራ ከብት አንድ መንገድ ይጋራሉ።

ጉማራና ርብ የሚያጠጡት ሜዳ ሩዝ የሚበቅልበት ለጥ ያለ መሬት ነው። ሾፌር በገደል መንገድ ላይ ይፈራል፤ ዓይኑንም አያነሳም። ሜዳ ላይ ግን ይዝናናል። መንገዱ ቀጥ ብሎ ከሩቅ ይታያል፣ እጅ ወደ ስልክ የሚሄደውም ያኔ ነው። ከሩዙ ማሳ ድንገት አስፋልት ላይ የሚወጣው ጥጃና እሱን ተከትሎ የሚሮጠው እረኛ ግን ከሩቅ አይታዩም።

አንድ ቀን ከባሕር ዳር ሚኒባስ ተሳፍረን፣ ሐሙሲትን አልፈን፣ ወደ ጉማራ ድልድይ ስንቃረብ ሾፌሩ ስለ አንድ ኩንታል ዋጋ ይከራከር ነበር። አንድ እጁ መሪ ላይ፣ አንዱ ጆሮው ላይ። መኪናው በሰው ሙሉ ነው፤ የሚናገር ግን የለም። ከኋላ የተቀመጡ፣ ከወንዛዬ ፍል ውሃ ከርመው የሚመለሱ አንዲት እናት ብቻ፦

«አንተ ልጄ፣ ሰውየው እስክንደርስ አይጠብቅህም? እኔ እኮ ልታጠብ ሄጄ ድኜ ነው የመጣሁት!»

ሰው ሁሉ ሳቀ። ሾፌሩም «እሺ እናቴ» ብሎ ዘጋው። ያ ሁሉ አንቀጽ ያላደረገውን አንድ ዓረፍተ ነገር አደረገ።

ስም ያላወጣንለት

እኛ ኢትዮጵያውያን ለሚያስፈራን መኪና ስም እናወጣለን። ሲኖትራክን «ቀይ ሽብር»፣ አይሱዙን «አልቃይዳ» ብለናል። ለስልኩ ግን ስም አልወጣለትም። ሰው ሲሞት «መኪና ገጨው» እንላለን፤ መኪናው ራሱ የነዳ ይመስል። «አደጋ ደረሰ» እንላለን፤ ከሰማይ የወረደ ይመስል። «ቀኑ ደርሶ ነው» እንላለን። ይህ ለቅሶ ቤት ያጽናናል፣ ሽማግሌ ገብቶ ሁለት ቤተሰብ ሲያስታርቅም ይረዳል። እርቅ መልካም ነው፤ ደም መቃባትን አስቀርቷል። ግን «ቀኑ ነው» ስንል ያቺ ስልክ የተነሳችበት ቅጽበት ከታሪኩ ትወጣለች። ማንም አይማርባትም፤ በሚቀጥለው ሳምንትም ያው ሜዳ፣ ያው ስልክ።

ሾፌሩን ሰይጣን ላደርገው አልፈልግም። ስልክ የሥራ ዕቃው ሆኗል። ከተሳፋሪ ሂሳብ የሚቀበልበት፣ ነዳጅ የሚከፍልበት፣ ጭነት የሚያገኝበት እሱ ነው። ባለፉት ዓመታት ክልላችን በግጭት ውስጥ እያለ ደግሞ «መንገዱ ክፍት ነው?» ብሎ መጠየቅ የሕይወት ጉዳይ ነበር። በመተግበሪያ የሚሠራ የአዲስ አበባ ባለታክሲም ጥሪው ሲመጣ ቶሎ ካልነካ ሥራው ያመልጠዋል። ሕጉ አትንካ ይለዋል፤ ሥራው ንካ ይለዋል። ይህን ቅራኔ ትራፊክ ፖሊስ ብቻውን አይፈታውም። መተግበሪያውን የምንሠራው ሰዎች መኪናው እየሄደ ጥሪ እንዳይልክ ማድረግ እንችላለን፤ ስልኩ ፍጥነቱን ያውቀዋል፣ ኮዱም ከባድ አይደለም። ሥራ ሰጪውም ሾፌሩን እየነዳ ከመደወል መታቀብ ይችላል። እኛ ተሳፋሪዎች ደግሞ አፍ አለን።

የፎገራ መንገድ ግራና ቀኙ ሜዳ ነው። ዳር ይዞ ለሁለት ደቂቃ መቆም የሚከለክል ገደል የለም። በሽቦ ስልክ ዘመን የነበረው ሾፌር ለመደወል መኪናውን ያቆም የነበረው ከኛ የተሻለ ጨዋ ስለሆነ አይደለም፤ ሌላ ምርጫ ስላልነበረው ነው። እኛ ምርጫው አለን፤ ሕጉም የሚጠይቀን ስለ ምርጫችን ነው።