የሊማሊሞ ጎማ

ሰሞኑን አንዱ ተማሪዬ የነበረ፣ አሁን ሃርድቶፕ የሚነዳ ልጅ "ቲቸር፣ ለእኛ መንገድ የትኛው ጎማ ይሻላል?" ብሎ ጻፈልኝ። የታሪክ አስተማሪ ስለ ጎማ ምን አገባው እንዳትሉ። አዲ አርቃይ ለሚኖር ሰው ጎማም ታሪክ ነው።

ከቃሉ እንነሳ። ጎማ ጣሊያንኛ ነው። ካላማዳሪ፣ ቸርኬ፣ ጎሚስታ፣ ክሪክ፣ ፒስታ፣ ሌላው ቀርቶ ያለቀ ጎማ "ሊሾ ሆነ" የምንለው እንኳ ከዚያው ነው የመጣው። ቃሉም ከካሚዮኑ ጋር አብሮ ገባ።

የሚገርመው ግን ስታራቼ መጋቢት 23 ቀን 1928 ዓ.ም. ጎንደርን ሲይዝ ካሚዮኖቹ በእኛ በኩል አላለፉም። በኦም ሐጀር በኩል፣ በቆላው ዞረው ነው የገቡት። ሊማሊሞ ላይ ያኔ የመኪና መንገድ የለማ! ገደሉን ፈልፍለው መንገድ ያወጡት ከዚያ በኋላ ነው። ያ መንገድ መልሶ የእነሱው ምሽግ ሆነ። ወልቅፊት ላይ የመሸገው የጣሊያን ጦር ከአስመራ የሚመጣውን ተሽከርካሪ ሁሉ ዘግቶ ለወራት ቆየ። በአርበኞችና በእንግሊዝ ጦር ተከቦ እጁን የሰጠው መስከረም 1934 ዓ.ም. ነው፤ ጎንደር ደግሞ ኅዳር ላይ ተከተለች። ያን ገደል የያዘ መንገዱን ያዘ ማለት ነው።

የዚያ ዘመን ጎማ የክር ጎማ ነበር። ክሮቹ በሰያፍ እየተጠላለፉ ይደራረባሉ። ጎኑ ደረቅና ወፍራም ስለሆነ ስለታም ድንጋይ ቶሎ አይቀደውም፤ ግን ይሞቃል፣ ያንገጫግጫል፣ ቶሎም ያልቃል። ኤንትሬም፣ የድሮው ላንድሮቨርም በዚህ ዓይነት ጎማ ነው አቀበቱን የለመዱት። ሲያልቅ እንኳ አይጣልም፣ በረባሶ ይሆናል። (አያቶቻችን ጎማን ከእኛ ይልቅ በእግራቸው ያውቁታል።)

ከዚያ ሚሸሊን በ1946 እ.ኤ.አ. ራዲያል የሚባለውን አመጣ። ክሮቹ ከጎን ወደ ጎን ቀጥ ብለው ይዘረጋሉ፣ ከመሬት ከሚነካው ላስቲክ ሥር ደግሞ የሽቦ ቀበቶ ይታሰራል። ዕድሜው ይረዝማል፣ ሙቀት ይችላል፣ መሬት ይቆነጥጣል። ድክመቱ ጎኑ ነው። ቢኤፍ ጉድሪች በ1976 እ.ኤ.አ. ይህንኑ ራዲያል ለአስፋልትም ለፒስታም እንዲሆን አድርጎ ለፎርዊል መኪና አቀረበው፤ "ኦል ቴሬን" የምንለው ጎማ በዚህ ነው ስም ያወጣው።

እንግዲህ ወደ ጥያቄው። ጥርሱ ደቃቅ የሆነው የአስፋልት ጎማ ከደባርቅ እስከ ጎንደር ንጉሥ ነው፤ ሐምሌ ላይ ሊማሊሞ ጭቃ ሲሆን ግን ጥርሱ በጭቃ ይሞላና ሊሾ ይሆናል። ጥርሱ ትልልቅ የሆነው የጭቃ ጎማ ጭቃውን እየተፋ ይወጣል፤ ነገር ግን እርጥብ አስፋልት ላይ ፍሬን ሲያዝ ይንሸራተታል፣ ይጮሃል፣ ነዳጅም ይበላል። የእኛ ሰው በአንድ ጉዞ ቆላም፣ ገደልም፣ አስፋልትም ስለሚያገኘው እኔ ያለማመንታት መካከለኛውን እመርጣለሁ። ኦል ቴሬን፣ ያውም ጎኑ ሦስት ድርብ የሆነውን። ብሪጅስቶን ሆነ ዮኮሃማ አትጣሉ፤ ጎኑን እዩ።

ይህ የሹፌሮች ወሬ ብቻ አይደለም። ምጥ የጠናባት እናት በአምቡላንስ ወደ ደባርቅ ሆስፒታል ስትወጣ ከ1,000 ሜትር በላይ ሽቅብ ነው የምትሄደው። መታጠፊያ ላይ ጎማ ቢፈነዳ ክሪክ የሚቆምበት ደልዳላ ቦታ እንኳ የለም። ስሙን የማልጠራው አንድ መሥሪያ ቤት ያወጣውን የግዥ ወረቀት አይቻለሁ፤ ቁጥሩና ልኩ ተጽፏል፣ ዓይነቱ የለም። ዋጋው ያነሰው ያሸንፋል። ያሸነፈው ደግሞ የከተማ ጎማ ነው!

ስለዚህ ወንድሜ፣ ስትገዛ ጎኑ ላይ "ዶት" ከሚለው ጽሑፍ መጨረሻ ያሉትን አራት ቁጥሮች አንብብ። 2219 ካለ በ2019 እ.ኤ.አ. 22ኛው ሳምንት የተሠራ ነው። መደርደሪያ ላይ የከረመ ጎማ አዲስ ቢመስልም ላስቲኩ ይደርቃል። ስትወርድም ፍሬን ላይ አትተኛ፣ በከባድ ማርሽ ያዘው፤ የፍሬኑ ሙቀት ወደ ቸርኬው፣ ከቸርኬው ወደ ካላማዳሪው ይሄዳል። ዛሪማ ስትደርስ ውረድና ቸርኬውን በእጅህ ቀረብ ብለህ እየው፣ ግን እንዳትነካው።