አርሲ ያየቻቸው ሕልሞች

ቬዳ በሚባሉት የሕንድ ጥንታዊ መጻሕፍት ላይ እምነታቸውን ያነጹ ሰዎች በዓለም ዙሪያ የእርሻ መንደር ሲቆረቁሩ ቆይተዋል። በአሜሪካ ምዕራብ ቨርጂኒያ ኒው ቭሪንዳባን የሚባለው እ.ኤ.አ. በ1968፣ በሃንጋሪ ሶሞጊቫሞሽ ያለው ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1993 ተመሠረተ። ሐሳባቸው ሲጠቀለል ይሄ ነው፦ ላም አይታረድም፤ በሬ ያርሳል፤ ሰው የሚበላውን ራሱ ያመርታል፤ ኑሮው ቀለል ሲል ልቡ ወደ ፈጣሪው ያዘነብላል። ይህንን ለአንድ የአርሲ ገበሬ ብትነግሩት፣ «በበሬ ማረስና የራስን እህል መብላት ደግሞ መቼ ሃይማኖት ሆነ?» ብሎ መሳቁ አይቀርም። ለእኛ የዘወትር ኑሮ የሆነው ለእነሱ ስእለት ነው።

እኔ ግን አልስቅም። ጥያቄያቸው የእኛም ጥያቄ ነውና። ለመሆኑ የገበሬን ማኅበረሰብ በራሱ እግር የሚያቆመው ምንድን ነው? ገንዘብ ነው? ሳይንስ ነው? የመንግሥት መመሪያ ነው? ወይስ እምነት? ደግነቱ መልሱን ፍለጋ ሃንጋሪ ድረስ መሄድ አያሻንም። የአርሲ መሬት ባለፉት ሰባ ምናምን ዓመታት ሁሉንም ቀምሳዋለች።

ከአሰላ እንጀምር። እ.ኤ.አ. በ1967 የኢትዮጵያና የስዊድን መንግሥታት ተስማምተው፣ ሕዝቡ «ካዱ» ብሎ የሚያውቀውን የጭላሎ እርሻ ልማት ድርጅት አቋቋሙ። መቀመጫው አሰላ፣ የሙከራ ማሳው ደግሞ ዛሬም በስንዴ ምርምር ስሙ የሚጠራው ቁሉምሳ ነበር። ካዱ ምርጥ ዘር አመጣ፤ ማዳበሪያ በብድር ሰጠ፤ የተዳቀሉ ጊደሮች አከፋፈለ፤ መንገድ ጠረገ። መጀመሪያ ላይ ብድር የወሰዱት ገበሬዎች በመቶ የሚቆጠሩ ነበሩ፤ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ቁጥራቸው ከአሥር ሺህ አለፈ። የጭላሎ ማሳ በስንዴ ተሸፈነ። እውነቱን እንናገር ከተባለ፣ ዛሬ አርሲን የስንዴ አገር ያሰኘው ያኔ የተጣለው መሠረት ነው።

ነገር ግን ስንዴው ሲያምር የመሬቱ ባለቤትም ዓይኑን ገለጠ። እስከዚያ ድረስ በእኩል ወይም በሲሶ ለጭሰኛ አካፍሎ ከተማ ይቀመጥ የነበረው ባለርስት፣ «ትራክተር ገዝቼ ራሴ ባርሰው አይሻለኝም?» ማለት ጀመረ። በአባቱ መንደር ጭሰኛ ሆኖ የኖረው አርሲ፣ በማዳበሪያው ማግሥት ከነልጆቹ ከመሬቱ ተፈናቀለ። ልማቱ የተጀመረው ለእሱ ነበር፤ ያባረረውም ያው ልማት ሆነ። ስዊድኖቹ የጭሰኛና የባለመሬት ግንኙነት በሕግ እንዲስተካከል ወተወቱ። ረቂቁ ፓርላማ ገብቶ እዚያው ቀረ፤ አብዛኛው ወንበር የባለመሬት ነበርና ማን በራሱ ላይ ይፈርዳል?

የዘመን አቆጣጠራችን እዚህ ላይ አንድ ነገር ያስታውሰናል። ካዱ በፈረንጆቹ 1967 ተጀመረ፤ የመሬት አዋጁ ደግሞ በእኛው 1967፣ የካቲት 25 ቀን ታወጀ። በሁለቱ 1967ቶች መካከል ያለው ጊዜ ስምንት ዓመት እንኳ አይሞላም። በነዚያ ዓመታት አርሲ የተማረችው ትምህርት፣ ዘርና ማዳበሪያ ብቻውን ማኅበረሰብ እንደማይሠራ ነው።

ሁለተኛው ሕልም የሻሸመኔው ነው። ሻሸመኔ ያኔ በሸዋ ጠቅላይ ግዛት ሥር ብትሆንም የአርሲ ኦሮሞ አገር ናት፤ ዛሬም የምዕራብ አርሲ ዞን ከተማ ናት። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ እ.ኤ.አ. በ1948፣ በጣሊያን ወረራ ጊዜ ከኢትዮጵያ ጎን ለቆሙት የዓለም ጥቁር ሕዝቦች ውለታ መመለሻ፣ አምስት ጋሻ ማለትም 200 ሄክታር ያህል መሬት ሰጡ። መሬቱ የተሰጠው ዶክተር መላኩ በያን እ.ኤ.አ. በ1937 ኒው ዮርክ ላይ ባቋቋሙት የኢትዮጵያ ዓለም አቀፍ ፌዴሬሽን በኩል ነው። ቀድመው መጥተው የሰፈሩት ጄምስና ሔለን ፓይፐር የሚባሉ ባልና ሚስት ነበሩ። በኋላም፣ በተለይ ንጉሡ እ.ኤ.አ. በ1966 ጃማይካን ከጎበኙ ወዲህ፣ ራስ ተፈሪያኖች መምጣት ጀመሩ።

እነዚህ ሰዎች ያመጡት ገንዘብ አልነበረም፤ እምነት ነው። ከባቢሎን ወጥቶ የተስፋይቱን ምድር ማረስ፣ ሥጋና ጨው ሳያበዙ ከመሬት የበቀለውን መብላት፣ በራስ ጉልበት ማደር። ከቬዳዎቹ ሰዎች ጋር ብታስተያዩዋቸው ወንድማማቾች ይመስላሉ። አዋጁ ግን እነሱንም አልማረም። የገጠር መሬት ሁሉ የሕዝብ ሀብት ሲሆን 200 ሄክታሩ ከእጃቸው ወጣ፤ ለጥቂቶቹ ጥቂት ቦታ ቀረላቸው። ሌላም ችግር ነበረባቸው። መሬቱን የሰጡት ንጉሥ ናቸው፤ ለዘመናት ከብቱን ሲያሰማራበት የኖረውን ጎረቤት ማን ጠየቀው? ከላይ የተሰጠ ነገር ከላይ ይወሰዳል። መንግሥት ለራስ ተፈሪያኖቹ የመታወቂያ ወረቀት እሰጣለሁ ያለው እ.ኤ.አ. በ2017 ነው፤ መሬቱ ከተሰጠ ከሰባ ዓመት ገደማ በኋላ ማለት ነው። እስከዚያ ብዙዎቹ እምነት እያላቸው አገር አልነበራቸውም።

ሦስተኛውን ሕልም ያየው ደርግ ነው። መሬቱ ለአራሹ ሆነ፤ አርሲም እልል አለች። ብዙም ሳይቆይ ግን የአምራቾች ኅብረት ሥራ ማኅበራት መጡ። በ«መልባ» መሬቱ የጋራ ይሆናል፤ በ«ወልባ» በሬውና ሞፈሩም ይጨመራል። ሥራ በነጥብ ይለካል። አርሲ በዚህ ግንባር ቀደም ከነበሩት ክፍለ አገሮች አንዷ ነበረች። በ1978 ዓ.ም. አካባቢ ደግሞ መንደር ምሥረታው መጣና ገበሬው ጎጆውን ነቅሎ በመስመር ሠራ። በወረቀት ላይ ሲታይ እኮ ከዚህ የበለጠ የጋራ ኑሮ የለም! ታዲያ የካቲት 1982 ዓ.ም. ላይ መንግሥት የቅይጥ ኢኮኖሚ ፖሊሲ ሲያውጅ ምን ሆነ? በጥቂት ወራት ውስጥ አብዛኞቹ ማኅበራት ፈረሱ። ገበሬው በሬውን እየነዳ ወደ ድሮ ማሳው ተመለሰ። ለዓመታት የተገነባው ነገር በአንድ ወቅት የተበተነው ድሮም ፈቃድ ስላልነበረበት ነው።

እንግዲህ ሦስቱን ስናስተያያቸው፣ አሰላ ላይ እውቀት ነበረ፣ ለአራሹ መሬት አልነበረም። ሻሸመኔ ላይ እምነት ነበረ፣ የጸና መብት አልነበረም። በማኅበራቱ ዘመን መሬት ነበረ፣ ፈቃድ አልነበረም።

«ታዲያ ሁሉም የተሟላበት ቦታ የለም?» ትሉኝ ይሆናል። የሚቀርበው ከአርሲ ውጭ፣ በደቡብ ጎንደር ፎገራ ወረዳ ነው። አውራምባን በ1964 ዓ.ም. ዙምራ ኑሩ ከጥቂት ቤተሰቦች ጋር ሲመሠርት የመጣ ፈረንጅ፣ የታወጀ አዋጅ አልነበረም። ቤተ ክርስቲያንም መስጊድም አልሠሩም፤ ግን ፈጣሪ አንድ ነው ይላሉ፣ ሐቀኝነትና ሥራ ደግሞ ጸሎታቸው ነው። ወንድ ይጋግራል፣ ሴት ታርሳለች። አረጋዊና ወላጅ ያጣ ልጅ የሁሉም ነው። ጎረቤት ጠልቷቸው፣ በደርግ ዘመን መጨረሻም ቀያቸውን ለቅቀው እስከ ቦንጋ ተሰደዋል፤ ሲመለሱ ያገኙት መሬት ከ20 ሄክታር አይሞላም። እርሻው እንደማያኖራቸው ሲያዩ አልተበተኑም፤ ሽመናና ወፍጮ ጨመሩ። ስዊድን ያላመጣው፣ ደርግ ያላዘዘው ነገር እዚያ ነበረ፦ የገባው ሁሉ ወድዶ ነው የገባው፤ ሒሳቡም የጋራ ነው።

ይሄን ስል ግን አርሲ ባዶዋን ነበረች ማለቴ አይደለም። አርሲ ኦሮሞ ከማንም ሳይዋስ የራሱ ሥርዓት አለው። «ሰፉ» ይሉታል፤ ሰው ከፈጣሪው፣ ከሰው፣ ከከብቱና ከመሬቱ ጋር ያለውን ክብርና ነውር የሚለይበት ሚዛን ነው። ቤቱ የተቃጠለበት፣ ከብቱ ያለቀበት ሰው ሲኖር ጎሳው አዋጥቶ የሚያቋቁምበት «ቡሳ ጎኖፋ» አለ፤ የኦሮሚያ ክልልም በቅርብ ዓመታት በዚሁ ስም መሥሪያ ቤት አቋቁሟል። ስታገባ እናቷ የምትሰጣትን የ«ሲንቄ» በትር ይዛ የወጣች ሴት ጠብ መሐል ስትቆም ወንዱ ጦሩን ይጥላል። ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ይሄን ያውቃል። ደቦውም አለ። እነዚህ ሁሉ በራስ የመቆም ትምህርት ቤቶች ናቸው፤ ቬዳ ሳይነበብባቸው።

ያሳሰበኝ ዛሬ ነው። የአርሲ ስንዴ ማዳበሪያ ዛሬም ከባሕር ማዶ ነው የሚመጣው፤ በ2014 ዓ.ም. ዋጋው ሲሰቀል ገበሬው ከየት አባቱ ያምጣ? የዩክሬን ጦርነት ጭላሎ ሥር ካለ ማሳ ድረስ ደረሰ። ድሮ መንደሩን ሁሉ ሰብስቦ የሚያጭደውን ማሳ ኮምባይነር በሰዓታት ይጨርሰዋል። ድካም ስለቀነሰ ደስ ይላል፤ ግን ደቦው ሲቀር ጨዋታውም፣ የጎረቤትን ጓዳ ማወቁም አብሮ ይቀራል። የአባቱ መሬት ለአምስት ወንድማማች ሲካፈል የሚደርሰው ቁራሽ የማያኖረው ወጣት ደግሞ መንገዱ ወደ አዲስ አበባ ወይም ወደ ባሕር ነው።

ትራክተር ተሰብሮ ወደ በሬ እንመለስ የሚል ሞኝ አይደለሁም። በሰው ወርቅ አይደምቁ ማለት ግን የሰውን ሁሉ ግፉ ማለት አይደለም፤ የሌላው ሲቋረጥ የሚያቆማችሁ የራሳችሁ ይኑራችሁ ማለት ነው። ምርጥ ዘሩን እዚያው ማባዛት፣ ፍግና ኮምፖስቱን በደቦ ማዘጋጀት፣ ኮምባይነሩን ከደላላ ከመከራየት በማኅበር መግዛት ይቻላል። ማኅበሩ ግን የወደደ የሚገባበት፣ ያልወደደ የሚወጣበት፣ መዝገቡ በየዓመቱ በሽማግሌና በሲንቄ እናቶች ፊት የሚገለጥ ይሁን። አውራምባ ላይ ያየነው፣ በመልባና በወልባ ያጣነው ይሄንኑ ነው።