ሕይወት አድን እሳት፦ የመኪና ኤርባግ አቀጣጣይ ቁሶች ታሪክ

ሐኪም መድኃኒት ሲያዝ መጠኑን፣ የጎንዮሽ ጉዳቱንና የአገልግሎት ዘመኑን አብሮ ያስባል። በመኪና መሪ ውስጥ ተሸሽጎ ስለሚጓዘው ኬሚካል ግን ይህን ጥያቄ የሚያነሣ ጥቂት ነው። ኤርባግ እየተባለ የሚጠራው የአየር ከረጢት ከስሙ በተቃራኒ በውስጡ የተዘጋጀ አየር የለውም፤ በአብዛኛው የሚገኝበት በቅጽበት ተቀጣጥሎ ጋዝ የሚያመነጭ ጠጣር ቁስ ነው። ያ ቁስ በትክክለኛው ቅጽበትና በትክክለኛው መጠን ሲነድ ነፍስ ያድናል፤ መጠኑ ሲበዛ ወይም በእርጅና ሲበላሽ ደግሞ ነፍስ ያጠፋል። ስለሆነም ታሪኩ የመሐንዲሶች ብቻ ሳይሆን የአደጋ ተጎጂዎችን የሚቀበሉ የጤና ባለሙያዎችም ጉዳይ ነው። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ከታመቀ አየር ወደ እሳት

ጆን ሄትሪክ የተባለው አሜሪካዊ መሐንዲስ በ1952 ከባለቤቱና ከልጁ ጋር ሲጓዝ መኪናው ከመንገድ ወጣች። እርሱና ባለቤቱ ፍሬን በተያዘበት ቅጽበት ልጃቸው ከፊት ለፊቷ ካለው አካል ጋር እንዳትጋጭ እጃቸውን ዘረጉ። ሄትሪክ ያንን የተዘረጋ እጅ የሚተካ መሣሪያ መንደፍ ጀመረ፤ በ1953ም የባለቤትነት መብት አገኘበት። በዚያው ዓመት ጀርመናዊው ቫልተር ሊንደረር ለተመሳሳይ ሐሳብ በሀገሩ መብቱን አስከበረ። ሁለቱም የተመኩት በታመቀ አየር ላይ ነበር።

ሐሳቡ መልካም ቢሆንም ጊዜው አልበቃውም። የመኪና ግጭት ከመነሻው እስከ ፍጻሜው የሚፈጀው ከሰከንድ አንድ አሥረኛ ብዙም የማይበልጥ ጊዜ ነው። ከረጢቱ ተሳፋሪው ወደ ፊት ከመወርወሩ በፊት እንዲሞላ ከተፈለገ ሥራውን ከ30 እስከ 50 ሚሊ ሰከንድ ባለው ጊዜ ውስጥ መጨረስ አለበት፤ ይህ ዐይን ተርገብግቦ ከሚከፈትበት ጊዜ ያጥራል። በጊዜው የነበረው የታመቀ አየር አሠራር ለዚህ ፍጥነት ዘገምተኛ ነበር። መፍትሔው የመጣው ከጦር መሣሪያና ከሮኬት ሙያ ነው። በ1968 ጆን ፒየትዝ የተባለ ኬሚስት ሶዲየም አዛይድን ከብረት ኦክሳይድ ጋር በማዋሐድ ጠጣር የጋዝ ማመንጫ አዘጋጀ። በዚያው ዓመት አለን ብሪድ ግጭትን የሚለይ መካኒካዊ መሣሪያ ሠራ።

በዚያው ዘመን ስለ አደጋ ያለው ሕክምናዊ አስተሳሰብም እየተለወጠ ነበር። በ1966 የአሜሪካ የመንገድ ደህንነት መሥሪያ ቤት የመጀመሪያ ኃላፊ የሆኑት ዊልያም ሃደን ሐኪምና የኤፒዴሚዮሎጂ ባለሙያ ነበሩ። እርሳቸው የመኪና አደጋን እንደ ዕጣ ፈንታ ሳይሆን እንደ በሽታ አዩት፤ ባክቴሪያ ለተላላፊ በሽታ መንስኤ እንደሆነ ሁሉ፣ የአካል ጉዳትም መንስኤ ሰውነት ሊሸከመው ከሚችለው በላይ የሆነ ኃይል ነው አሉ። በዚህ አመለካከት ኤርባግ አንዱን ኃይል በሌላ ኃይል የሚያበርድ መሣሪያ ነው።

ጄኔራል ሞተርስ ከ1974 እስከ 1976 ኤርባግ የተገጠመላቸው 10,000 ያህል መኪኖች ሸጦ ገዢ በማጣቱ አቆመ። በ1980 መጨረሻ ግን መርሴዲስ ቤንዝ በኤስ ክላስ መኪናው ላይ የአሽከርካሪ ኤርባግንና በባሩድ ኃይል የሚጠብቅ የደህንነት ቀበቶን ለገበያ አቀረበ። ከዚያ ወዲህ ተራ በተራ ሌሎችም ተከተሉ።

የክብሪቱ ራስ

ጋዝ አመንጪው ቁስ በራሱ አይቀጣጠልም፤ ክብሪት ያስፈልገዋል። ይህ ክብሪት ከጣት ጫፍ የማይበልጥ አነስተኛ የብረት ቆብ ሲሆን በውስጡ ከፀጉር የቀጠነ ሽቦ ተዘርግቷል። የግጭት መለያው ምልክት ሲሰጥ ኤሌክትሪክ በሽቦው ያልፋል፤ ሽቦው ይግላል፤ በላዩ የተለጠፈው በሚሊግራም የሚለካ ቁስ ይነዳል። ለዚህ ተግባር በሰፊው የሚያገለግለው የዚርኮኒየም ዱቄትና የፖታሲየም ፐርክሎሬት ቅልቅል ነው። ይህ ቅልቅል በአሜሪካ የጠፈር ምርምር ድርጅት የማስጀመሪያ መሣሪያዎችም የሚታወቅ ነው። ሲነድ የጋሉ የብረት ቅንጣቶችን ይረጫል፤ እነርሱ በመካከል የተቀመጠውን የቦሮንና የፖታሲየም ናይትሬት ቅልቅል ያቀጣጥላሉ፤ ያ ደግሞ እሳቱን ለዋናው ጋዝ አመንጪ ያስተላልፋል።

እንዲህ ያለ ቁስ ሁለት ተቃራኒ ግዴታዎች አሉበት፦ በተጠራ ጊዜ ፈጽሞ እንዳይዘገይ፣ ባልተጠራ ጊዜም ፈጽሞ እንዳይነሣ። በተለመደው የአሠራር ደረጃ መሠረት አቀጣጣዩ 1.2 አምፔር ሲያገኝ በ2 ሚሊ ሰከንድ ውስጥ መተኮስ ሲኖርበት፣ 0.4 አምፔር ለ10 ሰከንድ ቢያልፍበት ግን መተኮስ የለበትም። በሕክምና ቋንቋ፣ በጠቃሚውና በጎጂው መጠን መካከል ያለው ልዩነት አስቀድሞ ተለክቶ የተቀመጠ ነው።

በቀደሙት ዓመታት ከአቀጣጣዮቹ አንዳንዶቹ ሌድ ስቲፍኔት የተባለ የእርሳስ ውሁድ ይይዙ ነበር። የአውሮፓ ኅብረት በ2000 ባወጣው ያገለገሉ ተሽከርካሪዎችን የሚመለከት መመሪያ የእርሳስን አጠቃቀም ገደበ፤ በአቀጣጣዮች ረገድ የተሰጠው ፈቃድም ከጁላይ 1 ቀን 2006 በፊት ለጸደቁ የመኪና ዓይነቶችና ለመለዋወጫዎቻቸው ብቻ ሆነ። ለአእምሮ ዕድገት ጠንቅ የሆነው እርሳስ ከዚህች ትንሽ ቆብ እንኳ እንዲወጣ የተደረገው በጤና ምክንያት ነበር።

በላቦራቶሪም በመኪናም የሚገኝ መርዝ

ሶዲየም አዛይድ ለጤና ባለሙያ እንግዳ አይደለም። በላቦራቶሪ መፈተሻ ፈሳሾች ውስጥ ባክቴሪያን ለመከላከል ሲጨመር ኖሯል። ወደ ሰውነት ሲገባ እንደ ሳያናይድ የሕዋስን የኦክሲጅን አጠቃቀም ያውካል፤ የደም ግፊትንም በፍጥነት ያወርዳል። ወደ ፍሳሽ ቧንቧ ሲደፋ ደግሞ ከእርሳስና ከመዳብ ጋር ተዋሕዶ ፈንጂ ሊሆን ስለሚችል፣ በ1976 የአሜሪካ የሙያ ደህንነትና ጤና ተቋም ላቦራቶሪዎችን አስጠንቅቋል።

በኤርባግ ውስጥ ግን ይኸው መርዝ ሲነድ ወደ ሶዲየምና ናይትሮጅን ይለያያል። 130 ግራም ሶዲየም አዛይድ በመደበኛ ሙቀትና ግፊት 67 ሊትር ያህል ናይትሮጅን ይሰጣል፤ ይህ ጋዝ ከምንተነፍሰው አየር አብዛኛው ክፍል ነው። የቀረው ሶዲየም ለብቻው አደገኛ ስለሆነ ከፖታሲየም ናይትሬትና ከሲሊካ ጋር ተዋሕዶ ወደ ብርጭቆ መሰል ደለል እንዲለወጥ ይደረጋል። ሂደቱ ፍጹም ባለመሆኑ የአልካሊ ብናኝ ሊያመልጥ ይችላል። በመሆኑም ኤርባግ ከተነፋ በኋላ ዐይኑን የሚያቃጥለው ተጎጂ ጉዳቱ የምት ብቻ ነው ተብሎ ሊታለፍ አይገባም፤ የአልካሊ ቃጠሎ መሆኑ ተጠርጥሮ በብዙ ውኃ ሊታጠብ ይገባል።

የመጠን ስሕተት

በአሜሪካ በ1991 የወጣ ሕግ ከሴፕቴምበር 1997 ጀምሮ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ሁሉ ሁለት የፊት ኤርባግ እንዲኖራቸው አዘዘ። ይሁን እንጂ የመነሻው ስሌት ቀበቶ ያላሰረ ጎልማሳ ወንድን ለማዳን የተሠራ ነበር። ለጎልማሳው የተመጠነው ኃይል ለሕፃኑ አንገት ከአቅም በላይ ሆነ። ከ1990 እስከ 2008 ባለው ጊዜ ከ290 በላይ ሰዎች በኤርባጉ መነፋት ምክንያት እንደሞቱ ተመዝግቧል፤ ብዙዎቹ በፊት መቀመጫ የነበሩ ሕፃናትና ወደ መሪው ተጠግተው የተቀመጡ አጭር ቁመት ያላቸው አሽከርካሪዎች ነበሩ። በ1997 የመንፊያው ኃይል እንዲቀነስ ተፈቀደ፤ ቀጥሎም የተሳፋሪውን ክብደት የሚለዩ ኤርባጎች መጡ። በአንጻሩ የአሜሪካ የመንገድ ደህንነት መሥሪያ ቤት ግምት እንደሚያሳየው የፊት ኤርባግ ከ1987 እስከ 2017 ድረስ 50,457 ሰዎችን ከሞት አድኗል። ጥቅሙ ከጉዳቱ እጅግ የበለጠ መሆኑ ግን በመጠን ስሕተት ለሞቱት መልስ አይሆንም።

እርጅናን ያልቆጠረ ስሌት

በ1990ዎቹ አምራቾች ከመርዛማው አዛይድ መውጣት ጀመሩ። ብዙዎቹ ጓኒዲን ናይትሬትን መረጡ። የጃፓኑ ታካታ ግን ከ2000 ገደማ ጀምሮ በርካሹ አሞኒየም ናይትሬት መሥራት ጀመረ። ይህ ማዳበሪያ ሆኖ የሚያገለግል፣ በ2020 የቤሩትን ወደብ ያወደመ ቁስ ብዙ ጋዝና ጥቂት ደለል ይሰጣል። ነገር ግን እርጥበትን ይስባል፤ ንጹሕ ሲሆንም 32 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ የክሪስታል ቅርጹን ይለውጣል። የቀኑ ሙቀትና የሌሊቱ ቅዝቃዜ ለዓመታት ሲፈራረቁ፣ እርጥበትም ሲታከልበት፣ የታመቀው ቁስ ይላላል። የላላ ቁስ ከታሰበለት በላይ ፈጥኖ ስለሚነድ የብረት ዕቃውን ይሰነጥቀዋል፤ ስብርባሪውም በከረጢቱ አልፎ ወደ አሽከርካሪው ፊትና አንገት ይወረወራል። በ2016 ይፋ የሆነ ገለልተኛ ምርመራ ዋና ምክንያቶቹ እርጥበት መጣጭ የሌለው አሞኒየም ናይትሬት፣ ለረጅም ጊዜ የተደጋገመ የሙቀት መፈራረቅ ከእርጥበት ጋር፣ እና የዕቃው አገጣጠም መሆናቸውን አረጋገጠ።

የመጀመሪያው የመኪና ጥሪ በ2008 ተደረገ። በአሜሪካ ብቻ 67 ሚሊዮን ያህል የጋዝ ማመንጫዎች እንዲለወጡ ታዘዘ፤ ከ25 በላይ ሰዎች ሞቱ። በሌሎች ሀገሮች፣ በተለይም በሞቃታማዋና እርጥበታማዋ ማሌዥያ፣ ሌሎችም ሞተዋል። ታካታ በ2017 ጥፋቱን አምኖ አንድ ቢሊዮን ዶላር እንዲከፍል ተወሰነበት፤ በዚያው ዓመትም ከሰረ። በ2014 በፍሎሪዳ በቀላል ግጭት የሞተች አንዲት ሴት በአንገቷ ላይ የነበረው ቁስል ለፖሊስ የስለት ወንጀል መስሎት ነበር።

ለኢትዮጵያ ያለው ትርጉም

በኢትዮጵያ መንገዶች ላይ ያሉት የቤት መኪኖች አብዛኞቹ በሌላ ሀገር አገልግለው የመጡ ናቸው። ከባሕረ ሰላጤው አገሮች የመጣ መኪና የበረሃ ሙቀትንና የባሕር ዳርቻ እርጥበትን አሳልፎ ይሆናል፤ ከመጣም በኋላ እየተጠገነ ለብዙ ዓመታት ያገለግላል። ለጥገና ከተጠሩት መካከል በሀገሪቱ በብዛት የሚታዩት ቶዮታ ኮሮላና ያሪስ ይገኙበታል። የአምራቹ የጥሪ ደብዳቤ ግን የሚላከው በሌላ ሀገር መዝገብ ላይ ስሙ ለሰፈረ የቀድሞ ባለቤት ነው። በ2024 መጀመሪያ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ መከልከሉ በመንገድ ላይ ያሉትን አይመለከትም፤ በምትካቸው የሚገቡት የኤሌክትሪክ መኪኖችም ኤርባግና አቀጣጣይ አላቸው።

ስለሆነም ባለቤቱ የመኪናውን የሻንሲ ቁጥር ይዞ በአምራቹ የጥሪ መዝገብ ቢያረጋግጥ፣ ጋራዥም ያልተተኮሰ ኤርባግን እንደ ተራ ቁርጥራጭ ብረት ከመፍታትና ከመሸጥ ቢቆጠብ የሚድን ሰው አለ። ሕፃናት በጋቢና ሳይሆን በኋላ መቀመጫ ሊቀመጡ፣ አሽከርካሪውም ከደረቱ እስከ መሪው ቢያንስ 25 ሴንቲ ሜትር ርቀት ሊጠብቅ ይገባል። በድንገተኛ ክፍል ያለ ሐኪም ደግሞ መኪናው ብዙም ሳይጎዳ በአንገቱ ወይም በፊቱ ጥልቅ የተወጋ ቁስል ይዞ የመጣ ተጎጂ ሲያጋጥመው፣ ኤርባጉ መነፋቱን ይጠይቅ፤ የብረት ስብርባሪ መኖሩንም በራጅ ይመርምር። ያገኘውን ስብርባሪ ሳይጥል በማስረጃነት ቢያስቀምጥና የመኪናውን ዓይነትና የተሠራበትን ዓመት በሕመምተኛው ካርድ ላይ ቢያሰፍር፣ ተመሳሳይ መኪና የያዘ ሌላ ሰው ከመጎዳቱ በፊት ማስጠንቀቂያው ሊደርሰው ይችላል።