የተማሪ ስንቅ በጎንደርና በአርማጭሆ ቆላ

በሰሜን ምዕራብ ኢትዮጵያ ትምህርት ለብዙ ምዕተ ዓመታት ከቤት ርቆ መሄድን የሚጠይቅ ስለነበር፣ የተማሪው ምግብ በአብዛኛው የተወሰነው ሳይበላሽ ረጅም መንገድ ለመጓዝና በጥቂት ማገዶ ለመዘጋጀት በመቻሉ ነው። ስንቅ፣ ማለትም ከቤት ተዘጋጅቶ ለመንገድና ለሩቅ ቆይታ የሚያዝ ምግብ፣ የገበሬውን ጎተራ ከትምህርት ቤቱ ደጃፍ ጋር ያገናኘ ጥንታዊ ሥርዓት ሲሆን፣ በሊቃውንት ጉባኤም ሆነ በዘመናዊው ትምህርት ቤት ታሪክ ውስጥ ሊሰጠው የሚገባውን ቦታ አላገኘም።

ጎንደር ከአርማጭሆም፣ ከደምቢያም፣ ከጎጃምም ተማሪ ይጎርፍባት የነበረች የትምህርት ከተማ ናት፤ በተለይ የባእታ ለማርያም ቤተ ክርስቲያን በአቋቋም ትምህርት፣ ይኸውም በከበሮ፣ በጸናጽልና በመቋሚያ በሚታጀበው የቤተ ክርስቲያን ዜማ፣ የታወቀች ማስመስከሪያ ናት። ወደዚያ የሚመጣው የቆሎ ተማሪ ደበሎውን (ከበግ ቆዳ የተሠራ ልብሱን) ለብሶ፣ አኩፋዳውን (ለምኖ ያገኘውን የሚይዝበትን የሰሌን ከረጢት) በትከሻው አንግቶ ከቤት ወደ ቤት በእመቤታችን ስም እየለመነ ይኖር ነበር። ልመናው ትሕትናን የሚያስተምር የትምህርቱ አካል ተደርጎ ይታይ እንጂ፣ ለምግቡም የራሱ የሆነ ውጤት ነበረው፤ በአንድ አኩፋዳ ውስጥ የጤፍ፣ የዳጉሳ፣ የገብስና የማሽላ ቁራሽ፣ አልፎ አልፎም የባቄላ ወይም የሽንብራ ቆሎ ስለሚደባለቅ፣ ተማሪው ሳያስበው ከአንድ ገበሬ ማሳ የማይገኝ ልዩ ልዩ እህል ይመገብ ነበር። የጎደለው ወጡ፣ ቅጠላ ቅጠሉና ቅባቱ ነበር። ክረምት ሲገባ፣ የገበሬው ጎተራ ሲራቆትና ውሻና ጎርፍ መንደር ለመንደር መዞርን አዳጋች ሲያደርጉት፣ ተማሪው በበጋ ያጠራቀመውንና በፀሐይ ያደረቀውን ቁራሽ በውኃ እያራሰ ይበላ ነበር፤ ይህ ድርቆሽ የሚባለው ነው።

በተማሪው ጎጆ የሚበስል ነገር ካለ ብዙውን ጊዜ ንፍሮ ነበር፤ ስንዴ ወይም ማሽላ ከሽንብራ ወይም ከባቄላ ጋር በአንድ ድስት ተቀቅሎ ጨው የሚጨመርበት ምግብ ነው። ይህ ቀላል ምግብ ከሚገመተው በላይ ሊከበር ይገባዋል። ማሽላና ስንዴ ላይሲን በሚባለው የፕሮቲን ንጥረ ነገር ደካማ ሲሆኑ ጥራጥሬ ግን በዚሁ የበለጸገ በመሆኑ፣ ሁለቱ በአንድ ድስት ሲገናኙ አንዱ የሌላውን ጉድለት ይሞላል። በተጨማሪም ምግብ ማብሰል የሴት ሥራ ብቻ ተደርጎ በሚቆጠርበት ማኅበረሰብ ውስጥ፣ ወንድ ልጅ እሳት ማንደድን፣ መቀቀልንና ቂጣ መጋገርን የተማረው በአብዛኛው በዚህ ጎጆ ውስጥ ነበር፤ የጎጆው ኑሮ ድህነት የጫነው ቢሆንም፣ ራስን መመገብን ያስተማረ ትምህርት ቤትም ነበር። በእስልምናው በኩልም ደረሳ የሚባለው የመስጊድ ተማሪ በአካባቢው ሕዝብ ድጋፍና በራሱ ጉልበት እየኖረ ተመሳሳይ ሕይወት አሳልፏል።

ከጎንደር ወደ ሁመራ በሚወስደው መንገድ ትክል ድንጋይን አልፎ ወደ ሳንጃ ሲወረድ፣ የአገሩ ጠባይ ይለወጣል፤ የእህሉም እንደዚሁ። በታች አርማጭሆና በመተማ ቆላ ዋናው እህል ማሽላ ሲሆን፣ ለገበያ የሚመረተው ሰሊጥና ጥጥ ነው፤ ከሱዳን ጋር ባለው የረጅም ዘመን ንግድና ጉርብትና ምክንያት ኪስራ የሚባለው ስስ የማሽላ እንጀራ፣ ወይካ (ባሚያ) እና ከርከዴ የሚባለው የአበባ መጠጥ ለመተማ ሰው እንግዳ አይደሉም። ዘመናዊ ትምህርት ወደ ወረዳ ከተሞች ሲስፋፋ፣ ከገጠር ቀበሌ ወደ ሳንጃ የሚመጣው ተማሪ ለሁለትና ለሦስት ሆኖ ጠባብ ክፍል ይከራያል፤ እንጀራው፣ የሽሮ ዱቄቱ፣ በርበሬውና በሶው ከቤተሰቡ በገበያ ቀን ይላክለታል፣ ወይም ራሱ ተሸክሞ ያመጣዋል። የጥንቱ ስንቅ በአዲስ ትምህርት ቤት አጠገብ ቀጠለ ማለት ነው፤ ልዩነቱ፣ አሁን ሴት ልጆችም በዚሁ መንገድ መምጣታቸውና ከጥናቱ ጋር የማብሰሉ ሸክም አብዝቶ በእነርሱ ላይ መውደቁ ነው።

በዚህ ኑሮ ውስጥ አንድ የሚያሳዝን ነገር አለ። የቆላው ምግብ በራሱ መልካም ነው፤ የማሽላ ሊጥ ሲቦካ ብረትና ዚንክ ወደ ሰውነት እንዳይገቡ የሚያግደው ፋይቴት ይቀንሳል፤ ሽሮው ፕሮቲን ይሰጣል፤ ሰሊጥ ደግሞ ቅባትና ካልሲየም ያለው ነው። ተቆልቶና ተፈጭቶ በውኃ ከተበጠበጠ በኋላ እንጀራ የሚፈተፈትበት የሰሊጥ ፍትፍት በጾም ወራት የታወቀ፣ ብዙ ማገዶ የማይጠይቅ ምግብ ነው። ይሁንና ሰሊጡ ዋነኛ የገንዘብ ምንጭ በመሆኑ ወደ ውጭ ገበያ ሲሸጥ፣ የአምራቹ ልጅ ከሳምንት ሳምንት ሽሮ ብቻ የሚበላበት ጊዜ ብዙ ነው። ለትምህርቱ ወጪ በክረምት ወደ መተማና አብደራፊ እርሻዎች ለአረም የሚወርደው ወጣትም ከዚህ የከፋ አደጋ ይገጥመዋል፤ በአሸዋ ዝንብ የሚተላለፈው ካላዛር በእነዚህ ቆላዎች የሚገኝ ሲሆን፣ በምግብ እጥረት የተጎዳ ሰውነት በበሽታው የመያዝ ዕድሉ ከፍ ያለ ነው።

ምግብን ከጤና ጋር አያይዞ በሥርዓት የማስተማሩ ጉዳይ በአካባቢው መሠረት የያዘው በ1947 ዓ.ም. የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ሲቋቋም ነው። ከዚያ ቀደም ብሎ በደምቢያ ሜዳ የተነሣው የወባ ወረርሽኝ በሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ ጨርሶ ስለነበር፣ ኮሌጁ የጤና መኮንኖችን፣ የማኅበረሰብ ነርሶችንና የአካባቢ ጤና ባለሙያዎችን በአንድ ቡድን እያሠለጠነ ወደ ገጠር ያሰማራ ጀመር። በአገር ደረጃም በስዊድን ድጋፍ የተጀመረው የሕፃናት ሥነ ምግብ ክፍል ኋላ የኢትዮጵያ ሥነ ምግብ ኢንስቲትዩት ሆኖ፣ ከእህልና ከጥራጥሬ ዱቄት የተዘጋጀውን ፋፋ ለሕዝብ አቀረበ። እህልንና ጥራጥሬን የማደባለቁ ሐሳብ ግን በንፍሮው ድስት ውስጥ ቀድሞ የነበረ ነው።

ኮሌጁ አድጎ የጎንደር ዩኒቨርሲቲ በሆነበት በ1996 ዓ.ም. የወጪ መጋራት ሥርዓትም ተግባራዊ መሆን ጀመረ፤ በዚህ ሥርዓት ተማሪው የምግቡን ወጪ ከምረቃ በኋላ ከደመወዙ እየከፈለ የሚመልስ ሲሆን፣ ምግቡን ከግቢው መመገቢያ አዳራሽ ሊወስድ ወይም በገንዘብ ሊቀበል ይችላል። ገንዘቡን የሚቀበሉት ነን ካፌ ይባላሉ። ለአንድ ተማሪ በቀን የተመደበው በጀት ለረጅም ጊዜ 15 ብር ሆኖ ቆይቶ፣ በኋላ 22 ብር፣ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ 100 ብር ሆነ። ለዓመታት የገበያ ዋጋ እየናረ በጀቱ ባለበት በመቆሙ፣ በመመገቢያ አዳራሹ ትሪ ላይ መጀመሪያ የሚሳሳው አትክልቱ፣ ቅባቱና ፍራፍሬው መሆኑ አይቀሬ ነበር፤ ነን ካፌ የሆኑትም በሶ፣ ዳቦ ቆሎና ሽሮ ከቤታቸው ማስላካቸውን አልተዉም። ስለዚህም ከሳንጃ ወደ ጎንደር የሚሄደው አውቶቡስ ዛሬም ከተማሪው ሻንጣ ጋር የእናቱን የበሶ ከረጢት ይጭናል።